ያዘ ወይ?

ወንድሞቼ ይህን ቤት ገደራ ላይ ሲያቆሙት
«አንዱ ካንዱ እንዳይርቅ» ብለው ነበር የጀመሩት።
ሦስት ፎቅ፣ ዐሥራ አንድ ክፍል፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ቤት፣
የአባታችን የስንሻው፣ ሎሚ ዛፍ ያለበት።
ግን ግድግዳው ወፈረ፤
ባንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ሰው ከሰው ተሰወረ።
ለእራት የምንጠራራው በጽሑፍ ሆነ፣ በጣት፤
እሱም ወጡ ከበረደ ነው የሚደርሰው መልእክት።

ራውተሩ ሳሎን ተጎልቶ፣ እንደ ሰነፍ ዳኛ፣
አጠገቡ ላለው ብቻ ይፈርዳል፤
ሁለተኛው ፎቅ ግማሽ ቃል ይደርሳል፤
ሦስተኛው ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤
ሊራዝ የሒሳብ ፈተናዋን
ብርድ ልብስ ደርባ በረንዳ ላይ ትሠራለች።

የማማዱ ነገርማ አይነሣ!
ሮኬት እንዳይገባ ብለው ያፈሰሱት ሲሚንቶ
ደጉን ቃል ከክፉው ለይቶ አያውቅም፤
በብረት በሩ ምንም አያልፍም።
ባለፈው ሳይረኑ ሲጮኽ
ዐሥራ አራት ሰው ታጭቀን፣
ዐሥራ አራት ስልክ እንደ ሻማ ወደ ጣሪያው አንሥተን፣
መንገድ ላይ ለነበረው ለዳኛቸው
«አለህ?» የምትል አንዲት ቃል መላክ አቃተን።

ዐሥር ደቂቃ።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ከሌሊት ሥራዬ ወጥቼ፣
ከሬሆቮት አንድ ካርቶን ገዝቼ
መጣሁ። አራት ናቸው፤ ነጫጭ፣ ድብልብል፣
የሚመስሉ የዶሮ እንቁላል።
መመሪያው «አንዱ ዋና፣ ሦስቱ ነጥብ» ይላል፤
እኔ ዶሮና ጫጩት አልኳቸው፣ ማን ይከለክለኛል?
አዋላጅ ነኝ። ሌሊቱን ሦስት እትብት ቆርጫለሁ፤
የዶሮዋን ግን ከሞደሙ ጋር ሰካሁ።

ሕጉ ቀላል ነው፦ አንዷ ሌላዋን መስማት አለባት።
ብትቀርብ ትጠላለፋለች፣
ብትርቅ ትረሳለች።
እንደኛው ናቸው።

ኤልያሺቭ ስልኩን ይዞ ፎቅ ለፎቅ ይሮጣል፣
እኔ ከታች እጮኻለሁ፣ እሱ ከላይ ይመልሳል፦
«ያዘ ወይ?»
«አልያዘም!»
«አሁንስ?»
«ያዘ! … ኧረ ለቀቀ!»
አንድ በር ተከፈተ፣ ሌላም በር ተከፈተ፣
«እኔ ጋ ይዟል!» «እኔ ጋ የለም!»
ያ ደረጃ ይህን ያህል አፍ ሰምቶ አያውቅም።

አባቴ ጫማውን በተረከዙ ረግጦ ከጓሮ መጣ፤
«ማን ሞተ?» አለ፣ አመድ መስሎ፣ ትንፋሹ ሳይወጣ።
ነገርኩት፦ ሞገድ ምን እንደሆነ፣
አንዷ ለአንዷ እንዴት እንደምታቀብል።
«ጥሪ ነው በይኛ!» አለ፣ ሳቀ።
«እኛም ከአፋፍ አፋፍ ነበር፤
አንዱ ለማዶው፣ ማዶው ለወዲያኛው፣
ለመርዶም ለደቦም፤ ወንዝ ሲሞላ
ድምፅ ብቻ ነው የሚሻገር።»
ሁለት ሰዓት ያነበብኩትን በአንድ ቃል ጨረሰው።
ከዚያ ሁለተኛዋን ጫጩት ከእጄ ወሰደና
ደረጃው መታጠፊያ፣ ጫማ መደርደሪያው ራስ ላይ አኖራት፤
«አፋፉ ይሄ ነው። ማማዱ ሸለቆ ነው።
ሸለቆ ያለ ሰው ከአፋፍ ካልጠሩት አይሰማም።»

የብረት በሩን ዘጋን።
ሦስት የነበረው ቅስት ወደ አንድ ወረደ።
አንዷ ግን አለች።
«አለህ?» ለማለት አንድ ይበቃል።

የመጨረሻዋ ጓሮ፣ እሱ ክፍል ገባች፤
አፉላ ካለው ከአባ ወርቅነህ ጋር
ገበጣ የሚጫወትባት ታብሌት ነቃች።
ዓመት ሙሉ «ኔቱ ነው ያሸነፈኝ» ሲል ነበር፤
ዛሬ ኔቱ ሞልቶ፣ በሩብ ሰዓት ተሸነፈ።
ዝም አለ። ኋላ «ሎሚው ነው» አለ፣ «ሞገዱን ይመጥጠዋል።»

ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ሰንበት ገባች፤
ስልኩም ታብሌቱም መሳቢያ ውስጥ ተኛ።
ነጫጮቹ ብቻ በየጥጉ አረንጓዴ ዓይን ገልጠው
«አለሽ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤
ሰንበት አልተጫነባቸው።
አንድ ወንበር ባዶ ነው፦ ዳኛቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ።
እጆች ወደ ኪስ ሄደው ባዶ ተመለሱ።
አባቴ ከገበታው ሳይነሣ አንገቱን አቀና፣
በዚያ በአፋፍ ድምፁ አንድ ጊዜ ጠራው።

ያዘ።
በባዶ እግሩ ሲወርድ ሰማነው።