ዘር ሳይተካ

አኔሊዝ፣ ወረቀትሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ፣
ማራገቢያው እንዳያስነሳው ጥጉን በስኳር ጣሳ ይዘሽ፣
የዛፉን ቅርንጫፍ ሁሉ በጣትሽ አንድ በአንድ ነካሽ፦
እነዚህ በርሊን የቀሩ፣ ጓንት ሰፊ፣ ሰዓት ሠሪ፤
እነዚህ ለንደን ሐር ሸማኔ፤ ያንቺዎቹ ባሕር ተሻጋሪ፣
ከኬፕ ተራራ ግርጌ ወይን ተካይ፤
እነዚያ ደግሞ ካሮላይና ሩዝ ዘሪ፣ ባሪያ አሳዳሪ።
እዚህ ላይ ጣትሽ ፈጠነ፤ አላነበበም፤ አለፈ።
ከዚያ፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ በቀጭን ቀለም የተጻፈ፦
«ዣክ ሱቤራን። ብረት ሠሪ። ድሬዳዋ። ዘር ሳይተካ አረፈ።»

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ።
አሥራ ሰባት ነበርን በዚያች ጠባብ ቤት፣
ሕፃናቱን ሳንቆጥር፣ በር ላይ የቆመውን ጎረቤት።

ቀበሌም እንዳንቺው ነው፤ ስማችን ግራ ይገባዋል፤
«ሱበራ? የየት ነው? ኦሮሞ? ሶማሌ?» ይላል፤
አባቴ «የሽሚንደፈር» ቢለው፣ ብሔር በሚለው ሥር ጽፎታል።

ሙሴ ዣኮ በአቱሊየው የቶርኖ ሰው ነበረ፣
ቡሎን ሲቀርጽ ውሎ፣ ማታ ገንደ ቆሬ ያደረ።
ሙሚና ካገባችው በኋላ፣ ከየት እንደመጣ ብትጠይቀው፣
በተሰባበረ ኦሮምኛ የነገራት ይህን ነው፦

ንጉሡ የአያቱን ውል በአንድ ጀንበር ቀደደ፤
በየቤቱ ተሰሪ ወታደር ሰደደ፤
በገዛ ቋንቋው ዳዊት የደገመ
ወደ መርከብ መቅዘፊያ በሰንሰለት ሄደ።
የሸሸው ሸሸ።
ያልሸሸው በርጩማ ሠራ፦
ሦስት እግር፣ ወፍራም መቀመጫ፣ ከሥሩ ባዶ ሥፍራ፣
ወታደሩ ላዩ ተቀምጦ፣ መጽሐፉ ውስጡ እንደ አደራ።

እዚህስ ማን ከለከለው? ማንም።
ሙሚና ሶላቷን ትሰግዳለች፤ እሱ ዳዊቱን ያነባል፤
ገንደ ቆሬ ምን አገባት፣ ሁሉም በየፊናው ያድራል።
ግን ከተጣለ የፉርጎ ሳንቃ
ያንኑ በርጩማ ሠራ፤ ልቡ ተኝቶ እንኳ እጁ ነቃ።

ደቻቱን አየሽው ስትመጪ? ደረቅ አሸዋ ነው።
አንድ ክንድ ቆፍሪ፤
ውሃ ነው።

በደርግ ጊዜ ጎረቤታችን ትርፌ፣ «ጴንጤ» ተብላ ከሥራ የወጣች፣
ቤታቸው ሲፈተሽ የጓሮውን አጥር ዘላ መጣች፤
መጽሐፍ ቅዱሷን በሻሽ ጠቅልላ ላባቴ ሰጠች።
አባቴ ጾመኛ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር፣
አንድ ቃል አልተናገረም።
በርጩማውን ገለበጠ።

አሰሳው ገባ። ካድሬው ላብ በላብ፣ ሽጉጡ ከወገቡ፣
«ወንበር!» አለ። ያ ብቻ ነበር በቅርቡ።
ተቀመጠበት።
ውሃ ጠጣ። የድሬን ፀሐይ ረገመ።
ስለ ፀረ አብዮት ሰበከን፣ እግሩን አንፈራጦ፣
ጳውሎስ ከነመልእክቱ ከመቀመጫው ሥር ተቀምጦ።
«ምንም የለም» ብሎ ፈርሞ ወጣ።
እናቴ ነጠላዋን ነክሳ ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ ዕንባዋ መጣ።

እንግዲህ የዣኮን ሃይማኖት ብትፈልጊ፣ እዚህ የለም፤
እኔ ማርያምን እማጸናለሁ፤ አክስቴ ኬሪያ ጁምዓ አያልፋትም፤
ፈረንሳይኛውም አልቋል፣ ከለገሃርና ከቡሎን በቀር ምንም።
እምነቱን አይደለም የወረስነው፤
መደበቂያውን ነው።

አንቺ ግን በርጩማውን አነሳሽው። ዓይንሽ ረጠበ።
«ሙዚየም አለን» አልሽ፤ «በመስታወት ውስጥ።» ዋጋም ታሰበ።
እኔ መልስ ስፈልግ
አክስቴ ኬሪያ ከጓዳ ወጣች፣ ሰፌዷን በርበሬ ሞልታ፣
በርጩማውን ቀስ ብላ ከእጅሽ ወስዳ፣ ሦስቱን እግር መሬት አስነክታ፣
ተቀመጠችበት።
በርበሬዋን መቀንጠስ ጀመረች።

እስክሪብቶ ይኸው።
«ዘር ሳይተካ» የሚለውን አትፋቂው፣ ይቆይ፤
ከጎኑ ጻፊን፣ ከኬሪያ ጀምረሽ።
ቦታው ካልበቃ ገልብጪው።
የስኳሩን ጣሳ ግን ወዲህ በይ፤
ሻዩ ቀዘቀዘ።