አረንጓዴው በር

የሚልዋኪ ሌሊት፣ የሆስፒታሉ ደጅ፣
ኪሱ ውስጥ ተቀብሮ የቴሪዮን ቀኝ እጅ፤
ወንድሙ ፎቅ ላይ ነው፣ በሐኪም መቀስ ሥር፣
በልጁ ዓይን ያለው አንድ አረንጓዴ በር።
ላቬል አብሮት ቆሟል፣ ጓንቱን ዘርግቶለት፣
ደመወዝ ከቀረ ሦስተኛ ወር ሞልቶት።
«ያን መሳይ በር ድሮ አንኳኩቼያለሁ፤
ወህኒ ከፈተልኝ፣ ዐሥር ዓመት ገባሁ።»

የላቬል ስልክ በራ። አንዲት ቃል፦
«አለፈ።»
ልጁ አንብቦ ደርቆ ቀረ። «ወንድሜ?»
«አይ፣ አይደለም! አዋጁ ነው፤ የኛ ሥራ በጀት።
እንደራሴዎቹ አሁን ነው ያጸደቁት።»

ሳቅ ይሁን ሳግ፣ ከልጁ ደረት አንድ ነገር ወጣ፤
ከዚያም እጁ፣
ባዶውን።
ጓንቱ ሰፍቶታል።
አራተኛ ፎቅ፣ መብራቱ አልጠፋም።