ባሕር በሰባት ጀሪካን

ጡረታ ስወጣ ከምድር ባቡሩ፣
ልጆቼ ተሰብስበው ሲመካከሩ፣
«ሱቅ ቢከፍትስ» አሉ፣ «ወይ ዶሮ ያርባ»፤
በእኔ ልብ ግን ባሕር ነበረ የገባ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጅቡቲ ስመላለስ፣
ሥራ ነው እያልኩኝ እግሬን እንኳ ሳላርስ፣
አንድ ዓሣ አየሁ ከወደብ፣ ብርቱካን መሳይ፣
ነጭ መቀነት የታጠቀ ከወገቡ ላይ፤
ይኸው ነው በሽታዬ።

ጉሌድ የሚሉት ሹፌር፣ የልብ ወዳጄ፣
ሰባት ጀሪካን ይዞ ሄደ ከደጄ።
ደወሌ ኬላ ላይ ፈታሹ አስቆመው፣
«የባሕር ውሃ ነው» ቢልስ ማን አመነው!
«ናፍጣ ነው፣ ዘይት ነው» እያለ ተቆጣ፣
ክዳኑን አንሥቶ በመዳፉ ጠጣ።
ፊቱ ተጨማዶ ሎሚ መስሎ ቀረ፣
ካርኔውን አውጥቶ እንዲህ አሰፈረ፦
«ሰባት ጀሪካን ውሃ። የተበላሸ። ይለፍ።»
ባሕሬ ከዚራ ገባች ይዛ ይህን ጽሑፍ።
በሚቀጥለው ጉዞ ዓሣው ተከተለ፣
በፌስታል ተቀምጦ፣ ከጋቢና ዋለ።

ቀፊራ ያሠራሁት የመስታወት ሣጥን
ሳሎኑን ወረሰ አባሮ ቴሌቪዥን፤
ሕይወት ያለው ድንጋይ ደርድሬ ከሥሩ፣
ድንጋይ ሳበላ አዩኝ ልጆች የሠፈሩ፤
«ሙሴ ደግፌን» አሉ «ጡረታው አዞረው»፣
ያስፈራኝ ግን ኢፍቱ ዝም ማለቷ ነው።

ግንቦት ገባ። የድሬ ግንቦት ቀልድ አያውቅም።
አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ጥላም ጥላ አይሆንም፤
ውሃው ሻይ ሊሆን ሲል፣ በዚያ በጭንቅ ጊዜ
ሮጥኩኝ ወደ ፍሪጅ ሁለት ፌስታል ይዤ፤
በረዶው እንዲገባ ሥጋውን አወጣሁ፣
የድመቷን ምርቃት እስካሁን አልረሳሁ።

ማታ መብራት ሄደ። ሞተሩ ጸጥ አለ።
ዓሣው አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ዋለለ።
ዚያድ ጎማ ጠጋኙ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣
መንፊያውን አመጣ፤ ተቀባበልን በእጅ፤
እስከ ንጋት ድረስ ባሕር ስንነፋ፣
ዓሣው ነቅቶ አደረ፣ ዚያድ አንቀላፋ።

ከሁሉ የባሰው ያ ቅዳሜ ከሰዓት።
ፍራሽ ላይ ጋደም ያልን፣ ጫት የያዝን አራት፤
ዓሣውን እያየን ወጋችን ፈዘዘ፣
የረሳሁት ቱቦ ማፍሰሱን ግን ያዘ።
በክሪ ዓይኑን አፍጥጦ ቀስ ብሎ ተናገረ፦
«የዛሬ ምርቃና በእግሬ ጀመረ።»
መምህር ውብእሸት፣ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ፣
«ወገቤ ደርሷል» አለ፣ «ተባረክ አወዳይ!»
ማንም አልተነሣ ፌስታሉ እስኪንሳፈፍ፣
ኢፍቱም በመጥረጊያ እኛን እስክትቀዝፍ።

ቀንድ አውጣ ቤት የሚኖር አንድ ሸርጣን ነበረኝ፤
ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር አስዳከረኝ።
ቤቱን ጥሎ ገብቷል ኢፍቱ ኩል ክዳን ውስጥ፤
ልትኳል ስትል ጠዋት ብድግ ብሎ ሲሮጥ፣
የጮኸችው ጩኸት ሳቢያን ተሰማ አሉ፤
እሱም ተኩሎ ነበር፣ ይመሰክራል ሁሉ።

ብቻ ለሰሚራ ሽማግሌ ሲመጣ፣
ቧንቧው ደርቆ ነበር፣ ጠብታ ውሃ ታጣ፤
ኢፍቱ ጓዳ ገብታ ጀሪካን አነሣች፣
ሩዙን በባሕሬ ቀቅላ አቀረበች።
እንባቸው ይወርዳል፣ ግን አንድ ሰው አልተፋ፣
ስድስት ጠርሙስ ሚሪንዳ በአንድ ትንፋሽ ጠፋ።
ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ምላሱን በጥርሱ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣
«ጨዋ ናቸው ሲባል ሰምተን ነበር» አለ፣
«ቀምሰን አረጋገጥን፤ ከዚህ ወዲያ የለ።»

ሰሚራ ተዳረች። ዓሣው አለ፣ ወፍሯል።
ኢፍቱ «ያ ከርሳም» ስትል ስሙም እሱ ሆኗል።
የተኛሁ ሲመስላት ሌሊት ተነሥታ
ታማኛለች ለሱ፣ ቀስ ብላ፣ በሹክሹክታ።
ሰምቼ ዝም እላለሁ።

ከመስታወቱ በላይ ያችን ካርኔ ሰቅያለሁ፣
በፍሬም አስገብቼ፤ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ።
ጉልበቴ ሲንቋቋ፣ ጥርሴም ሲረግፍ፣
ለራሴም እላለሁ፦ «የተበላሸ። ይለፍ።»