አልተረጋገጠም

የሎብስተር ወጥመድ በየደጁ ተቆልሎ፣
ባሕሩ በበረዶ ጥርሱን አሹሎ፣
በጥር መገባደጃ፣ ከጧቱ በሁለት ሰዓት፣
ኦዲል ሶልኒዬ ደወለች በድንገት፦
«ያ ጥቁሩ መጥቷል፤ ከፖሙ ላይ አለ።
ና እየው እንግዲህ፤
ያኔስ አልመጣህም፤ ወፉም አልታደለ።»

ያኔ ያለችው አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።
ወረቀቷ ትዝ አለኝ፤ የዓሣ ሽታ ነበረው፤
በነጋዴ ደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ከነፊደል ግድፈቱ፦
«ቁራ ይመስላል፤ ቁራ ግን አይደለም።
ፊቱ የደረቀ ደም፣
አንገቱ ዙሪያ አመድ፣ ሆዱ ጽጌረዳ፤
ጥቁር ያልሁት ጀርባው አረንጓዴ ሆነ ሲነጋ ማለዳ።»

እኔ፣ የአውራጃው ወፍ መዝጋቢ፣ ባለ ማኅተሙ፣
ወፍ በላባው ሳይሆን በካርታ የሚገባኝ ስሙ፣
ካርታዬን ገለጥሁ። የዚህ ግንደ ቆርቁር አገሩ ምዕራብ፣
ከሮኪ ተራሮች ጥግ፣ ከደረቅ ጥድ አጠገብ፤
ከዚያ እስከ ሜቴጋን አራት ሺህ ኪሎ ሜትር።
ይህን ያህል መንገድ ወፍ አይስትም ነበር፣
ብዬ፣
በቀይ ቀለም ጻፍሁ አንዲት ቃል ብቻዋን፦
«አልተረጋገጠም።»
ሻይ ጠጣሁ። ዘጋሁ ሣጥኔን።

ዛሬ ወጥ ቤቷ ስገባ ቦቲዬን አስወለቀችኝ።
«ከመስኮቱ ራቅ» አለች፤ ወንበር ገፋችልኝ።
ድመቷ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎባት ታለቅሳለች።
በሽንኩርት መረብ ሞራ ከቅርንጫፉ ሰቅላለች።
ቁራ መጣ፤ ሄደ።
ሬዲዮው የሞገዱን ከፍታ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ደጋግሞ ነገረን።
አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት።
ኦዲል ድንች ትልጣለች። እኔ፣ አፌ ባይናገርም፣
በልቤ ያችኑ ቃል መጻፍ ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ከስልኩ ምሰሶ ጫፍ አንድ ጨለማ ተነቀለ፤
ክንፉን እንደ ቁራ በዝግታ እየመታ፣
እንደ ዘመዶቹ ሳይወርድ ሳይወጣ፣ ቀጥ ብሎ ቀዘፈ፣
ፖሙን አቀፈ።
ፀሐይ ዞረችበት። ሆዱ —
ሆዱ እንዲያ ነው። እንዳለችው ነው።

ካሜራዬን አነሣሁ፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሮ
ባትሪው በብርድ ሞቷል፣ ደርቆ ተገትሮ፤
አንዲት ምስል ብቻ ሰጠኝ ከመጥፋቱ በፊት፤
ጭጋግ ውስጥ የወደቀ ከሰል፣ ጅራት የለው ፊት።
«እንካ» አለች ኦዲል፤
የማዕበል ካላንደሯን ከግድግዳው አወረደች።
በየቀኑ ጎን ጽፋለች፦
ሁለት ሰዓት ከሩብ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ቁራ አባረረ።
ለውዝ ከቅርፊቱ ስንጥቅ ወተፈ። ነፋስ ሲበረታ ተሰወረ።
በጀርባው ሥላዋለች፦ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣
ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ከግንዱ አስደግፋ፤
ለሆዱ የሚሆን እርሳስ ብታጣ
የከንፈር ቀለሟን በጣቷ ቀብታ።

በሦስተኛው ቀን ከሃሊፋክስ ሰዎች መጡ፣ መነጽር ተሸክመው፤
ከአጥሯ ውጭ፣ በረዶ ላይ፣ በሹክሹክታ ቆመው።
አንዱ ጎልማሳ ወፉን አይቶ አለቀሰ።
ኦዲል ከወፉ ይልቅ እሱን ስታይ ዋለች።

አምስት ሰው የተቀመጠበት ጉባኤ የእኔን ከሰል ጣለ፤
የሷን ሥዕል ተቀበለ።

ቅጹን ይዤ ስመለስ መጋቢት ገብቶ ነበር፤ ወፉ ሄዷል።
«መጀመሪያ የታየበት ቀን?» አልኋት፣ ብዕሬን አሰናድቼ።
«የትኛው መጀመሪያ?» አለችኝ።
እርሳስ ይደበዝዛል፤ ቀይ ቀለም አይደበዝዝም፤
አይቻለሁ፣ ያን ሣጥን ከፍቼ።
ዝም አልሁ።
ካፖርቷን ደርባ ወደ ፖሙ ወሰደችኝ፤
ከስንጥቁ የተወተፈች፣ ግማሽዋ የተበላች ለውዝ አሳየችኝ።
«ማስረጃ አይደል ሥራህ? በል ጣትህን አግባ።»
ጓንቴን አወለቅሁ።