ከዐሥር ስንት?

ጉም ነው ቾንግቺንግ ላይ፤
ሁለቱ ወንዞቿ የት ላይ እንደ ገጠሙ ዛሬም አልታየ፣
ባቡሩ ብቻ ነው በፎቅ ወገብ አልፎ
ምድርን ከሰማይ ለአፍታ የለየ።

በስድስተኛው ደርብ፣ መስኮት በሌለበት፣
ታን ሱዪን ተኝታ፣ በሆዷ ተደፍታ፣
እምብርቷን አኑራ ከቀዝቃዛ ውኃ
ትንፋሿን ትቆጥራለች በጸጥታ።

ደረቅ በርበሬ ሻጭ፤
ሦስት መቶ ደረጃ ጆንያ ተሸክማ ወጥታ የምትወርድ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሱሪ ለብሳ
ደሟን የምትሸሽግ ከገበያ መንገድ።
ሐኪሙ «ዕጢ» አለው፤
እኔ ግን ሳስበው
የዳክዬ እንቁላል ነው፣ ሰባት ክረምት ሙሉ በከንቱ የታቀፈችው፣
ሙቀቷን የጨረሰ፣ የማይፈለፈል፣ ጫጩትም የሌለው።

ቢላዋ የለም ዛሬ፣ መስፊያ ክርም የለም፤
ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው ከውኃው ሥር የሚነሣው፣
ቆዳዋን ሳይከፍት፣ ደም ሳያፈስ አልፎ
የሩዝ ፍሬ ታህል ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ጠልቆ የሚጠብሰው።

እኔ ቺን ያሩ ነኝ፤ ከራስጌዋ ቆሜ
በአንድ እጄ ማደንዘዣ፣ በአንድ እጄ ጥያቄ።
«አመመሽ?» እላለሁ።
«ኧረ ምንም አይደል።»
«ከዐሥር ስንት ይሆናል?»
«ዜሮ» ትለኛለች፣ ከንፈሯን ነክሳ፤
ልቧ ግን ስክሪኑ ላይ መቶ ሠላሳ፣
የአልጋውን ጠርዝ የያዙት ጣቶቿ ኖራ መስለው።
ይህን ዜሮ ዐውቀዋለሁ፤
ሴት ልጇን ስትወልድ ፎጣ ነክሳ ያማጠችው
አማቷ ግድግዳው ማዶ እራት ላይ ስለ ነበሩ ነው።
(ጧት ስመዘግባት ነገረችኝ፣ እንደ ቀልድ። ስቃም ነበር።)

ጎንበስ አልኩ ወደ ጆሮዋ፦
«እትዬ ሱዪን፣ ስሚኝማ፤ ጭልጥ አድርጌ ላስተኛሽ አቅቶኝ አይደለም፤
ጥቂቱን ሕመምሽን ሆን ብዬ ተውኩልሽ፣ ያለ እሱ አይሆንም።
የቤት ውሻ በዪው፤ እሳቱ አጥር ዘሎ
ወደ ነርቭሽ መንገድ ሲጠጋ ያየ ለት የሚጮኸው እሱ ነው፣ አትሸበቢበት።
ዶክተር ፑ ምስል ያያል እንጂ
እግርሽ ውስጥ የለበት።
ሆድ ይፍጀው ይባላል፤
ዛሬ ሆድሽን የሚፈጅ ሌላ አለ፣ ለእሱ ተዪለት፤
የአንቺ ድርሻ ቁጥር መጥራት ነው፣
አፍሽን ክፈቺለት።»

ዝም አለች።
ፔዳሉ ተረገጠ። አንድ ሰከንድ። ሁለት።
ከዚያ፦
«እግሬ! ግራ እግሬን፣ ከዳሌ እስከ ተረከዝ፣ ኤሌክትሪክ ያዘው!»
«ስንት?»
«ስምንት! ኧረ ስምንት!»
ዶክተር ፑ እግሩን አነሣ፤
ማሽኑ ዝም አለ፤
ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችን ባለንበት ቀረን።
«ቆመ እንዴ?» አለች።
«ቆመ።»
«እኔ ስላልኩ?»
«አንቺ ስላልሽ።»
ያን ጊዜ አለቀሰች።
ከስምንቱ አይደለም፤ ስምንቱማ አልፎ ነበር፣
ከሌላ ስፍራ ነው፣ ቁጥር ካልደረሰበት አገር።

መድኃኒቱን በደም ሥሯ ቀስ አድርጌ ጨመርኩላት፣
ሐኪሙም ዒላማውን አራት ሚሊሜትር ፈቀቅ አደረገላት፤
ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት!
ዐይኗን ጨፍና፣ በርበሬ እንደምትመዝን፦
«ሁለት... ቆይ፣ ሁለት ተኩል። አሁን ሦስት። ሦስት ከሩብ።»
«ቅናሽ የለም ወይ?» አለ ዶክተር ፑ።
«የለም» አለች ከትራሱ ውስጥ።

ማታ፣ ሆዷ ላይ የበረዶ ከረጢት ተቀምጦ፣
ባሏ ዌን መጣ፣ ደረጃውን ሁሉ ሮጦ፣
ካፖርቱ በጉም ርሶ።
«እንዴት ነሽ?» አላት።
አፏ «ምንም» ሊል ተሰናድቶ ነበር፣ አየሁት ከንፈሯን።
ወደ እኔ ዞር አለች፤ መልሳ አየችው፤
«አራት» አለችው።

ሳይገባው ቆመ።
ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና
«ከስንት?» አላት።