ፊቷን የሚያውቅ ካሜራ

አርብ ነው። ዴይራ ላይ እግር ከእግር ይጋጫል፤
ናይፍ ገበያ ውስጥ ላብ ከሽቶ ይማታል።
ከዘምዘም ጋር ነኝ፤ አንድ ጥላ ለሁለት፣
ዘጠኝ መቶ ድርሃም ካልሲ ውስጥ ከቋጠርኩ ሰንብቷል — እቁብ ከደረሰኝ ዕለት።

ለይላ ሲደርሳት ያንገት ወርቅ ገዛች፤
እልፍነሽ ላባቷ ቤት ቆርቆሮ ላከች፤
እኔ «ካሜራ» ስል፣ የኔ ተራ ጊዜ፣
አንድ ክፍል ሙሉ ሴት በሳቅ ፈነዳና ለቀቀን ትካዜ።

ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንዲት የጽዳት ሴት
ሊፍት ይቆምባታል ከእኩለ ሌሊት፤
ከባልዲዋ በቀር የሚሰማት የለም፤
ትሟገተዋለች ስለ ደመወዟ፣ ስለዚህም ዓለም፤
በመጨረሻ ላይ ባልዲው ይረታታል።
እዚህ ቦታ ላይ ዘምዘም ሁልጊዜ ሳቅ ያመልጣታል።

የሻጂ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ
አንዱ ይገደዳል ወደ ደጅ እንዲወጣ።
ኬራላ ነው አገሩ። አረብኛው ሰባራ፣
የእኛም እንደዚያው ነው፤ ሰባራ ለሰባራ ይግባባል ለሥራ።

መጀመሪያ አወረደ ትከሻ ላይ የሚውለውን፣
የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ደረቱን ነፍቶ የሚሸከመውን።
«ይህን ይዘሽ ስትሄጂ ሰው ያከብርሻል» አለኝ።
ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ካሴት ነው የሚበላው፤ ዛሬ ማን ካሴት ሊሸጥልኝ?
«ክብሩ ይቅርብኝ» ብዬ ቀስ አድርጌ መለስኩ፤
ሁለተኛው መጣ፣ በብልጭልጩ ፈዘዝኩ።

ደረቱ ላይ «ፎር ኬ» ይላል በወርቅ ቀለም፤
ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ ግን የለም።
ድምፁስ በስልኬ ይቀዳ፤ ኋላ ይገጠማል፤
ፊት ግን ካመለጠ ከየት ይለቀማል?
ሻጂ ዘምዘምን ነጩ ግድግዳ ሥር አቆማት፤
ስክሪኑ ላይ ግድግዳው በራ፤ እሷን ጥቁረት ዋጣት፤
ሻርፕ ብቻ ቀረ፣ ሰው ያልለበሰው።
ዘምዘም ጠጋ ብላ ያን ጥላ ቃኘችው፦
«ይሄማ ማዳሜ ነው» አለች፤
«ግድግዳው መጽዳቱን ታያለች፤ ያጸዳሁትን እኔን መች አየች!»

ከታች መደርደሪያ፣ ከቻርጀር ክምር ሥር
አንዲት ወጣች፦ ቀለሟ የተላጠ፣ የባትሪዋ ክዳን በፕላስተር የሚታሰር።
ሌንሷ አንገት ላይ የምትዞር ቀለበት አለቻት፤
ስንት ብርሃን ይግባ? ፍርዱ ለጣቴ ነው፤ ለሷ አልተሰጣት።
ይህን የተማርኩት ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በስልኬ፣ ሌሊት፣
ሌላው እንዳይነቃ ድምፁን ዘግቼበት።
ገፋ አደረግኋት፤ ግድግዳው ነደደ።
ይንደድ! ከዘምዘም ላይ ጥላው ተናደ፤
ጉንጯ፣ አገጯ ላይ ያለው የዘይት ጠባሳ፣
«አትይኝ» ስትል የምትነክሳት ከንፈር — አንድም ሳይረሳ።

«ሺህ ድርሃም» አለ ሻጂ። ዘጠኝ መቶ ቆጠርኩ፤
ካልሲውን ገልብጬ ባዶነቱን አሳየሁት፤ ቆምኩ፤ ዝም አልኩ።
«ምን ልትሠሩባት ነው?» ሲል ዘምዘም ተረከችው፤
ሊፍቱን በሁለት ክንዷ ዘግታ አሳየችው።
አሰብ አድርጎ «ሊፍቱን» አለ «ማን ይከፍተዋል?»
ስድስት ጊዜ ጽፌው፣ መከፈቱ ራሱ ካሳቤ አምልጦኛል።
ስለዚህ መቶው ቀረ፤ ሻጂ ጠጋኝ ሆነ፤
ለሚመጣው አርብ ሸሚዙን ሊያስተኩስ ወሰነ።

አሥራ አራት ደቂቃ ነው የባትሪዋ ጉልበቷ፤
አሥራ ሁለቱ ለፊልሙ፣ ሁለቷ ለስሕተቷ።
አውቶቡስ ውስጥ ዘምዘም ከፌስታሉ ጋር ሙግት ጀመረች፤
አጠገባችን የነበረች ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ወንበር መረጠች።
በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋ ግማሽ ፊቷን ይዛው ነበር፤
እጄ ወደ ፌስታሉ ሄደ።
ተመለሰ። ባትሪው ለአርብ ይደር።