ሌላው ሁሉ ባለበት

(ለሶፎንያስ፣ ከቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ)

ቅጹን አጣጥፈህ ከደረት ኪስ ከተህ፣
«ኢኮኖሚክስ ልግባ?» አልኸኝ ሰልፍ ላይ ቆመህ።
ካፊያው ይጥላል፣ ታክሲው ገና አልመጣ፣
ከፊታችን ሠላሳ፣ ከየብሎኩም ሰው ሲወጣ፤
ጊዜ አለን፤ ልንገርህ።

መጀመሪያ ይሄን ስማ፦ ሀብታም አያደርግህም።
እየኝ፤ ዲግሪዬ እንደሆነ አላሳፈረኝም፣
ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ከዚህ ሰልፍ አልወጣሁም።
አቃቂ ቁጠባ ማኅበር ብድር አጽዳቂ ሆኜ፣
የሰው ብር ስቆጥር ውዬ እገባለሁ፣ ዱቄት በዱቤ ለምኜ።

ሒሳብ ፈርተህ ከሆነ ከምህንድስና የሸሸኸው፣
ተመለስ፤ በሌላ በር ነው መልሰህ የምታገኘው።
ሁለት መስመር አጣልፎ መምህሩ ሲያበቃ፣
ሰሌዳው ካልኩለስ ሆኖ ጠበቀን፣ ግማሻችን ሲነቃ።

አማካይ ሲሉህ ጠርጥር፤
የእኔና የባለ ሕንጻው ገቢ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል
እኔም ሚሊየነር ነኝ፤ ባለሱቁ ግን «ዱቤሽን ክፈይ» ይላል።

ከመጽሐፉ ሁሉ የገረመችኝ አንዲት ሐረግ ናት፤
«ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም» ትላለች በየግራፉ አናት።
እስቲ ዙር፣ ተመልከት፤ እዚህ ሰፈር ምን ባለበት ቆመ?
ይሄ ብሎክ ጤፍ ነበር፣ በጋሽ ገመቹ እጅ የታረመ።
ካሳውን ተቀበሉ፣ ባጃጅ ገዙ ለልጃቸው፣
ባጃጁ ተገለበጠ፣ ገንዘቡ ወጣ ከእጃቸው፤
ዛሬ ከብሎኩ ደጃፍ በጥበቃ ካፖርት ይቆማሉ፣
የገዛ ማሳቸውን በወር ደሞዝ ይጠብቃሉ።
ለዚህ ስም አለው መጽሐፉ፤ ጽፌ አምስት ነጥብ አግኝቼበታለሁ፣
ጋሽ ገመቹ «ደህና አደርሽ» ሲሉኝ ግን ስሙን እረሳዋለሁ።

ውሃ በስምንት ቀኑ ነው፣ ያውም በሌሊት ከመጣ፤
ዓርብ ላይ የጀሪካን ዋጋ ስንት እንደሚወጣ
ጎረቤቴ ዘውድነሽ ረቡዕ ታውቃለች፣ ወረቀት ሳታወጣ።
ፊርማዋ የአውራ ጣት ነው። አንተ ግን መምህርህ አድርጋት፤
ቀመርህ ከእሷ ጋር ከተጣላ፣ ከመፍረድህ በፊት ጠይቃት።

«ሥራስ?» ትላለህ፣ አውቃለሁ። ባንኮች ማስታወቂያ ያወጣሉ፤
ለአንድ ወንበር የተሰለፈው ከዚህ ሰልፍ ይረዝማል አሉ።
ዳታ መፈተሽ ልመድ፣ ከኮምፒውተር ጋር ተግባባ፤
ሽምደዳ ለምረቃ ቀን ነው፣ እንደ ኪራይ ካባ።

ግባ ነው ወይስ አትግባ?
እሱን እንኳ…

ታክሲው መጣ። ረዳቱ በሩን ሳይከፍት ጮኸ፦
«ዝናብ ነው፣ እጥፍ ነው!»
ሰልፉ አጉረመረመ፤ ከዚያም ተጋፍቶ ገባ።

ያኔ ዞረህ ጠየቅኸኝ፣ አንገትህን አዘንብለህ፣
«ጋሽ ገመቹ ስንት ተቀበሉ? ዋጋውን ማን ተመነ?» ብለህ።

መልስ የለኝም፣ ሶፎንያስ።

ለአራት በተሠራው የኋላ ወንበር አምስት ሆነን፣
ቅጹን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ እስክሪብቶ ለመንኸኝ፤
ሰጠሁህ። ምን እንደጻፍህ እንዳላይ የሰው ክርን ጋረደኝ።

«ሒሳብ ከኋላ!» አለ ረዳቱ።